ለ7ኛ ክፍል የመንግሥት ትምህርት ቤት ስታማርጡ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

እንደ ደብረ ማርቆስ ወይም ደብረ ታቦር ባለ ከተማ 7ኛና 8ኛ ክፍልን የሚያስተምሩትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሁለት ጠዋት ዞሮ ማየት ይቻላል። ብዙ ወላጅ ግን አይዞርም። ነሐሴ ላይ ልጁ የ6ኛ ክፍል ካርዱን ሲይዝ ውሳኔው በአንድ ወሬ ያልቃል፦ «እዚያ እኮ ከ8ኛ ክፍል 90 በመቶ አሳልፈዋል»።

በማሳለፊያ መቶኛ ብቻ መወሰን። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። መቶኛው የሚሰላው ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ከተቀመጡት ነው እንጂ 7ኛ ክፍል ከገቡት አይደለም። ሁለት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው መስከረም ላይ 180 ልጆች 7ኛ ክፍል መዘገቡ እንበል። በሁለተኛው ዓመት ሰኔ አንደኛው 120 አስፈትኖ 108 አሳለፈ፤ 90 በመቶ ነው። ሌላኛው 170 አስፈትኖ 136 አሳለፈ፤ 80 በመቶ ነው። ከተማው የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ከገቡት ሲሰላ ግን መጀመሪያው 60 በመቶ፣ ሁለተኛው 76 በመቶ ገደማ አድርሷል። የጠፉት 60 ልጆች የት ሄዱ? አቋረጡ? 7ኛን ደገሙ? ፈተናው ሳይደርስ መልቀቂያ ተሰጣቸው? ደካማ የተባለውን ልጅ ከፈተና በፊት የሚሸኝ ትምህርት ቤት መቶኛው ያምራል፤ የናንተ ልጅ ሒሳብ ላይ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ ተሸኚው እሱ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ መስከረም 2016 በ7ኛ ክፍል ስንት ተመዘገበ፣ ሰኔ 2017 ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ? በዝውውርና በደጋሚ ምክንያት ቁጥሩ በትክክል አይገጥምም፤ ቢሆንም የ10 ልጅ ክፍተትና የ60 ልጅ ክፍተት አንድ አይደለም። ሮስተሩ (የተማሪዎች ስምና ውጤት ዝርዝር) መዝገብ ቤት ስላለ ቁጥሩን ለመስጠት ሳምንት አይፈጅም።

እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ልጆቹ የገቡት በስንት የ6ኛ ክፍል ውጤት ነው? ጎበዞቹን መርጦ የተቀበለ ትምህርት ቤት ጎበዝ ማውጣቱ አይገርምም። በ50 የገባውን ልጅ 65 ያደረሰ መምህር ግን ያስተምራል።

የአንድ ዓመት ውጤት ማመን። 60 ልጅ ብቻ ባስፈተነ ትምህርት ቤት አምስት ልጆች ቢያልፉ ወይም ቢወድቁ የማሳለፊያ መቶኛው በ8 ነጥብ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። የሦስት ዓመቱን ደምሩ። በጦርነት ትምህርት የተቋረጠባቸውን ዓመታት ግን ካልተቋረጠባቸው ጋር አትደባልቁ።

የኢንስፔክሽን ደረጃን (ትምህርት ቤቱ ተመዝኖ የሚሰጠውን ደረጃ) ሳይበትኑ መውሰድ። «ደረጃ 3 ነው» ሲባል ነጥቡ ከ70 እስከ 90 በመቶ መሃል ነው ማለት ነው። የሚደመረው ከሦስት ነገር ነው፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40። አዲስ ሕንፃ ግብዓትን ከፍ ያደርጋል፣ መማር ማስተማሩ ግን ያው ሊሆን ይችላል። የሂደቱን ነጥብ ለይታችሁ ጠይቁ። የተመዘነበትንም ዓመት ጠይቁ፤ ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ተቀይሮ ከሆነ ወረቀቱ አርጅቷል።

በመስከረም መጀመሪያ ሄዶ ማየት። በዚያ ሰሞን ሁሉም ትምህርት ቤት ጭር ያለ ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከእረፍት በኋላ ሂዱ። በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ በ7ኛና በ8ኛ ክፍሎች ፊት አንድ ጊዜ እለፉ፤ መምህር ያልገባባቸውን ቁጠሩ። ከ12 ክፍል አንዱ ባዶ ቢሆን የታመመ መምህር ይኖራል። አራቱ ባዶ ከሆኑ ግን ያ ትምህርት ቤት የሚመራው ሰው የለም።

መምህራንን በጅምላ መቁጠር። ብዙዎቹ ግቢዎች ከ1ኛ እስከ 8ኛ የሚያስተምሩ ስለሆኑ «50 መምህራን አሉን» መባሉ ለ7ኛ ክፍል ምንም አይነግራችሁም። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አጠቃላይ ሳይንስ የሚያስተምሩት ስንት ናቸው? በሙያቸው የተመደቡ ናቸው ወይስ ክፍተት የሚሸፍኑ? ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህሩ ጉዳይ የሦስት ትምህርት ጉዳይ ነው።

የክፍል ጥበትንም በአማካይ አትጠይቁ፤ ልጃችሁ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ዴስኮቹን ቁጠሩ፣ በአንዱ ላይ ስንት እንደተቀመጡ እዩ።

ፈረቃ ነው ብሎ መጣል፣ ሙሉ ቀን ነው ብሎ መውሰድ። ክፍለ ጊዜውን በደቂቃ ጠይቁ። 40 ደቂቃው ወደ 35 ቢወርድ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ላይ 150 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ይጎድላል። ሙሉ ቀን ሆኖ ከሰዓት በኋላ መምህር የማይገባበት ትምህርት ቤት ግን ከዚያ የበለጠ ያጎድላል።

የሴቶችን መጸዳጃ ቤት ሳያዩ መመለስ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጃገረዶች የወር አበባ ማየት ይጀምራሉ። በሩ ከውስጥ የማይቆለፍ፣ ውሃ የሌለው ከሆነ ልጅቷ በየወሩ ቀናት ትቀራለች፣ የቀረችበት ትምህርት ደግሞ ተመልሶ አይሰጣትም። አባቶች ይህን አይጠይቁም፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ገብታ ትየው።

ቤተ ሙከራ «አለን» ሲሏችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። መጽሐፍ «አንድ ለአንድ ደርሷል» ሲሏችሁ ከግቢ የሚወጡትን ልጆች ቦርሳ ጠይቁ።

«ካልተመቸው በ8ኛ እናዛውረዋለን» ማለት። የፈተና ምዝገባው የሚካሄደው 8ኛን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ዓመቱ መሃል ላይ የተዛወረ ልጅ ስሙ ከአንዱ ዝርዝር ወጥቶ ሌላው ላይ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ማዛወር ግድ ከሆነ ከመስከረም በፊት ጨርሱ፤ በመልቀቂያውና በ7ኛ ክፍል ካርዱ ላይ የልጁ፣ የአባትና የአያት ስም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆኑን እዚያው መዝገብ ቤት ቆማችሁ አረጋግጡ።