ጡረታ የወጣ አሰልጣኝ ወደ ቀድሞ ቡድኑ ቢመለስ ያዋጣል? ከመጥራት በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚነሳው ስም ዋንጫ አምጥቶ የሄደው ሽማግሌ ነው። «እሱ ቢኖር ኖሮ» ይባላል። ሰውዬው ጎበዝ እንደነበር ማንም ስለማይክድ እዚያ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። መታየት ያለበት ለምን ሥራ፣ ከእነማን ጋር፣ እስከ መቼ እንደሚጠራ ነው። የክለብ አመራር ለውሳኔ፣ ደጋፊ ደግሞ ለክርክር እንዲመቸው አካሄዱን እንዲህ አስቀምጠነዋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብልሽቱን ለዩ

ቡድን የሚወድቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጥሩ ተጫዋቾች እያሉ ሥርዓት ሲጠፋ ነው። ሌላው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሲያልቁ ነው። ተመላሽ አሰልጣኝ የመጀመሪያውን ሊጠግን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ዓመታት የሚፈጅ ግንባታ ስለሆነ ለሌላ ሰው የሚተው ሥራ ነው።

ለመለየት ያለፉትን 10 ጨዋታዎች ቪዲዮ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቡድኑ የጎል ዕድል እየፈጠረ፣ ግን ኳስ ሲነጠቅ ተመልሶ ቦታ የሚይዝ ከጠፋና ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የሚፈርስ ከሆነ፣ ችግሩ የልምምድና የሥርዓት ነው። ተከላካዮቹ በየጨዋታው በሩጫ የሚቀደሙ ከሆነ፣ አማካዩም ኳስ ይዞ መዞር ካቃተው፣ ያንን የትናንት ዝና አይፈውሰውም።

የተሳካው ምሳሌ ዩፕ ሃይንከስ ነው። በ2013 ከባየርን ሙኒክ ጋር ቡንደስሊጋውን፣ ሻምፒዮንስ ሊጉንና የጀርመንን ዋንጫ ጠቅልሎ ሥራውን ተወ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2017 ባየርን በፓሪ ሳን ዠርማ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ በማግስቱ ካርሎ አንቸሎቲ ተሰናበተ፤ የ72 ዓመቱ ሃይንከስም ተጠራ። በሊጉ ዶርትሙንድ በ5 ነጥብ ይመራ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ባየርን አምስት ዓመት በተከታታይ ሊጉን ያነሳ ቡድን ነው፤ መሠረቱ አልተናደም። አምስት ጨዋታ እየቀረው ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ፤ በመጨረሻም በ84 ነጥብ፣ ከሁለተኛው ሻልከ በ21 ነጥብ ርቆ ጨረሰ።

ተቃራኒው ኤሲ ሚላን ነው። አሪጎ ሳኪ ከ1987 እስከ 1991 ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገውን ክለብ በዲሴምበር 1996 እንደገና ተረከበ። 11ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በራሱ ሜዳ በሳን ሲሮ በዩቬንቱስ 6 ለ 1 ተሸነፈ። ክለቡ ትምህርት አልወሰደም። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ደግሞ ፋቢዮ ካፔሎን መለሰ፤ እሱም በአምስት ዓመት አራት የሊግ ዋንጫ የሰጠው ሰው ነበር። 10ኛ ወጡ። ሁለቱም የዘመናቸው ታላላቅ አሰልጣኞች ነበሩ፤ የጎደለው ሌላ ነው።

ሁለቱን የስም ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ

ወረቀት ያዙና በግራ በኩል አሰልጣኙ ሲለቅ የነበሩትን ተጫዋቾች ጻፉ፤ በቀኝ በኩል የአሁኖቹን። በሁለቱም በኩል የሚገኘውን ስም አክብቡ። የባየርን ዝርዝር በ2017 እንዲህ ይወጣል፦ ኖየር፣ ቦአቴንግ፣ አላባ፣ ራፊንሃ፣ ሀቪ ማርቲኔዝ፣ ሪቤሪ፣ ሮበን፣ ሙለር። ኖየር እግሩ ተሰብሮ ስለነበር እሱን ብንቀንስ እንኳ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሃይንከስን ቋንቋ ለአዲሶቹ የሚተረጉሙ ሰባት ሰዎች ነበሩ። በእኛ ሚዛን ከቋሚ አሰላለፉ አራት ወይም አምስት ከተከበበ ንግግሩ ሊጀመር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስም ብቻ በመቁጠር ነው። ሳኪ ሲመለስ ባሬዚ፣ ማልዲኒና ኮስታኩርታ እዚያው ነበሩ። ባሬዚ ግን 36 ዓመቱ ነበር፤ ያ የውድድር ዓመት የመጨረሻው ሆነ። ተከላካዩን ወደ መሀል ሜዳ የሚያስጠጋ፣ ከጨዋታ ውጭ ወጥመድ የሚያጠምድ አጨዋወት ደግሞ ፈጣን እግር ይፈልጋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተከበበ ስም አጠገብ ዕድሜውንና ባለፈው የውድድር ዓመት የተሰለፈበትን ደቂቃ ጻፉ። ከቡድኑ ጨዋታዎች ግማሹን ያህል በቋሚነት ያልጀመረውን ሰርዙት።

በየዲኤስቲቪ ቤቱ «ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ይመለስ» በሚል ለሚነሳው ክርክርም ይህ ወረቀት ይበቃል። እሱ ሲለቅ የነበረውን የ2013ቱን የማንቸስተር ዩናይትድ ዝርዝር ከዛሬው ጋር አስተያዩት፤ የምታከብቡት አንድም ስም የለም።

ዝርዝሩ ባዶ ሆኖም የሚሳካበት መንገድ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ክላውዲዮ ራኒየሪ ካሊያሪን ከ1988 እስከ 1991 አሠልጥኖ በ2023 መጀመሪያ ሲመለስ አንድም የቀድሞ ተጫዋቹን አላገኘም። ቡድኑን ግን ከሴሪ ቢ ወደ ሴሪ ኤ አሳደገው፤ በቀጣዩ ዓመት እንዳይወርድ አድርጎ በራሱ ፈቃድ ወጣ። ልዩነቱ የተሰጠው ሥራ ለክቶ የተሰፋ መሆኑ ላይ ነው፤ ማደግ፣ ከዚያ አለመውረድ።

ከሜዳ የራቀበትን ጊዜ በዓመት ሳይሆን በሕግ ለኩት

«አራት ዓመት ብቻ ነው ያረፈው» የሚለው ብዙ አይነግርም። እሱ ከሄደ በኋላ ምን ተለወጠ? በ2019 የተሻሻለው የግብ ምት ሕግ ኳሱ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልል ሳይወጣ ተከላካይ እንዲቀበል ፈቀደ። በ2018 ሥራ ያቆመ አሰልጣኝ ያንን ኳስ አጀማመርም ሆነ በላዩ ላይ ጫና የሚፈጥርበትን ዘዴ በልምምድ ሜዳ አስተምሮ አያውቅም። ከ2020 ጀምሮ አምስት ተጫዋች መቀየር ስለተቻለ ደግሞ የሜዳ ላይ ተጫዋቾቹን ግማሹን ከዕረፍት በኋላ ማደስ ይቻላል፤ በሦስት ቅያሪ የኖረ ሰው ተቀያሪ ወንበሩን በቁጠባ የመያዝ ልማድ ይኖረዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከመፈረሙ በፊት የቡድኑን የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች ቪዲዮ ስጡትና በሦስተኛው ቀን ሁለት ነገር እንዲያቀርብ ጠይቁት፤ በግብ ምት ጊዜ አሰላለፉ ምን እንደሚመስልና ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እነማንን እንደሚያስገባ። የተጫዋቾቹን ስም እየጠራ ከመለሰ ጥሩ ነው። ስለ ቁርጠኝነትና ስለ ማልያ ፍቅር ብቻ ካወራ አመስግናችሁ ሸኙት።

ረዳቶቹን እንዴት ማደላደል እንደሚገባ

ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሦስት ቀን አንዴ የሚጫወት ቡድንን ልምምድ ብቻውን መምራት የለበትም። ሃይንከስ ሲመለስ ፒተር ኸርማን ከፎርቱና ዱሰልዶርፍ እንዲመጣለት አደረገ፤ ክለቡን በደንብ የሚያውቀው ኸርማን ጌርላንድም ወደ ረዳትነት ተመለሰ። አንዱ ሐሳቡን ያውቃል፣ ሌላው ቤቱን። ከዚህ የሚበልጥ ሰው አያስፈልግም። የአካል ብቃት፣ የግብ ጠባቂና የቪዲዮ ትንተና ባለሙያዎቹ ከክለቡ ይሁኑ፤ የተጫዋቾቹን የጉዳት ታሪክና የሥራ ጫና በእጃቸው የያዙት እነሱ ናቸው።

የሚበላሸው የድሮ ጓደኞቹን በሙሉ ሰብስቦ ሲመጣ ነው፤ ሁሉም አብረው ስላረፉ ሁሉም እኩል ወደኋላ ቀርተዋል። የተሰናባቹን ዋና ረዳት ማስቀረትም ሌላው ስህተት ነው። ቅር ያለው ተጫዋች ወደ እሱ መሄድ ይጀምራል።

የአሰልጣኙን የልብና የደም ግፊት ምርመራም ለይስሙላ አታድርጉት።

የድሮ ፍቅርና የድሮ ቂም

ተመላሽ አሰልጣኝ ሁለቱንም ይዞ ይገባል። ዚነዲን ዚዳን ጡረተኛ አልነበረም፤ ሪያል ማድሪድን በሜይ 2018 በፈቃዱ ለቆ በማርች 2019 ነው የተመለሰው። ነገሩን ግን ከማንም በላይ ያሳያል። በመጀመሪያ ጨዋታው ናቫስን፣ ማርሴሎንና ኢስኮን አሰለፈ፤ የድሮዎቹን። ሴልታ ቪጎን 2 ለ 0 ረታ፤ ደጋፊው ተደሰተ። ከቀሩት 10 የሊግ ጨዋታዎች ግን ያሸነፈው 4 ብቻ ነው፤ በ4ቱ ተሸነፈ፤ ከባርሴሎና በ19 ነጥብ ርቆ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2020 ላሊጋውን ያነሳው ኩርቱዋ በጎል፣ ሜንዲ በግራ መስመር፣ ቫልቨርዴ በመሀል ሜዳ ቦታ ካገኙ በኋላ ነው። ከጋሬዝ ቤል ጋር የነበረው ነገር ግን አልጠገገም፤ ቤል በውሰት ወደ ቶተንሃም ሄደ።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት አብረውት የነበሩትን ተጫዋቾች አንድ በአንድ አንሱበት። ማንን ያሰልፋል? ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር የተለያየው? ተኳርፎ የነበረው ተጫዋች ዛሬ ቋሚ ከሆነ፣ የመጀመሪያው የግል ውይይት ከእሱ ጋር ይሁን፤ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ጥቂት ነው። በተቻለ መጠን በብሔራዊ ቡድኖች ዕረፍት ወቅት ይግባ፤ የሃይንከስ ሹመት ኦክቶበር 6 ይፋ ሆኖ የመጀመሪያ ጨዋታው ኦክቶበር 14 ነበር፤ ፍራይቡርግን 5 ለ 0 አሸነፈ። አጨዋወቱን ከሥሩ አልገለበጠም፤ ማርቲኔዝን ከመሀል ተከላካይነት ወደ አማካይነት መለሰውና የተከላካዩን ፊት ዘጋ። አንድ ለውጥ፣ ሁሉም የሚገባው። አምስት ነገር በአንዴ የሚለውጥ ተመላሽ የትኛው እንደሠራ ራሱም አያውቅም።

ውሉ፤ ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ነው

ኬኒ ዳልግሊሽ በ1991 ከሊቨርፑል ወጣ፤ በጃንዋሪ 2011 በጊዜያዊነት ተመለሰ። 12ኛ የነበረውን ቡድን 6ኛ አድርሶ ጨረሰ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንከን የሌለው መመለስ ይሆን ነበር። የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው፣ በበጋው ግዢ ተፈጸመ፤ በቀጣዩ ዓመት የሊግ ካፕ ቢያነሳም በሊጉ 8ኛ ሆኖ በሜይ 2012 ተሰናበተ። ሮይ ሆጅሰንም እንዲሁ ነው። በማርች 2023፣ በ75 ዓመቱ፣ ክሪስታል ፓላስን ተረክቦ ከ10 ጨዋታ 18 ነጥብ ሰበሰበ። ለቀጣዩ ዓመት እንዲቆይ ተደረገ፤ ቡድኑ ተንሸራተተ፣ በፌብሩዋሪ 2024 በልምምድ ላይ ታመመ፣ ከቀናት በኋላም ለቀቀ። ሁለቱም የተሰጣቸውን አጭር ሥራ በሚገባ ሠርተዋል። የጎዳቸው ጭማሪው ነው።

ስለዚህ ውሉ ውስጥ የማብቂያው ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ የውድድር ዓመቱ የመጨረሻ ቀን። «ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ይራዘማል» የሚል አንቀጽ አይግባ። ከሁለት ዓመት በላይ ውል የሚፈርም ተጫዋች ግዢ ላይ የመጨረሻው ቃል የስፖርት ዳይሬክተሩ ይሁን፤ ተጫዋቹን የሚወርሰው ሌላ አሰልጣኝ ነውና። ከዚያ በኋላ የሚይዘው ቦታ ካለም ከአሁኑ ይሰየም። ሮማ በኖቬምበር 2024 ራኒየሪን ከጡረታ ሲጠራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አሰልጣኝ፣ ከዚያ የክለቡ አማካሪ ብሎ ነው የጀመረው። 12ኛ የነበረው ቡድን በ69 ነጥብ 5ኛ ሆነ፤ ሻምፒዮንስ ሊግ ለመግባት አንድ ነጥብ ጎደለው። ራኒየሪም በቀኑ ወንበሩን ለቀቀ።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ተተኪው ነው። ተመላሹ ሲፈርም ፍለጋው በዚያው ሳምንት ይጀመር፤ ስምምነቱም እስከ ማርች ይለቅ። ባየርን ሃይንከስ ይቆይልናል ብሎ ሲጠብቅ ከርሞ የኒኮ ኮቫችን ስም ይፋ ያደረገው ኤፕሪል 13 ቀን 2018 ነው። ኮቫች ያን ጊዜ የአይንትራህት ፍራንክፈርት አሰልጣኝ ነበር፤ ሜይ 19 በጀርመን ዋንጫ ፍፃሜ በርሊን ላይ ከባየርን ጋር ተገናኘ። የሃይንከስን የመጨረሻ ጨዋታ 3 ለ 1 አሸነፈው፤ ከዚያ ሄዶ ወንበሩን ተረከበ።