ከጎንደር ተነስቶ በኢንተርኔት ድንቅ ነገር ማግኘት እንዴት ይቻላል?

ስልክ በራሱ ጊዜ እያመጣ የሚደረድርልን ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው እንድናይለት የፈለገው ነው። የሚያስደንቀውን ነገር የሚያገኘው ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰው ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ፣ የደንበኛ እግር ሲቀንስ፣ ኢንተርኔት ላይ የማነበው በዚህ መንገድ ነው። ተማሪዎችም «ይህን ከየት አገኘሽው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አካሄዴን እዚህ አስቀምጫለሁ።

መነሻችሁ በዓይናችሁ የምታውቁት ነገር ይሁን። የምታውቁት ከሆነ የሚጻፍበትን እውነትና ሐሰት ትለያላችሁ፤ ሌላው ሰው ያላስተዋለውም ለእናንተ ይታያችኋል። ለጎንደር ሰው ከአርባ አራቱ ታቦት ስም የተሻለ የፍለጋ ዝርዝር አላውቅም። አንዱን ስም ምረጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ በስንት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ እንደሚችል አስቡ። የፍለጋ ማሽን ፊደል ስትቀይሩ የሚያመጣውን ውጤትም ይቀይራል፤ «ሥላሴ» ብላችሁ ያላገኛችሁትን «ስላሴ» ብላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። «ዐፄ»፣ «አፄ»፣ «ዓፄ»፣ «አጼ» ሁሉም መሞከር አለባቸው፤ «ጎንደር»ም «ጐንደር»ም እንዲሁ። ሁለት ሦስት ቃል ያለው ስም ሲሆን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፤ ያን ጊዜ ቃላቱ ተያይዘው የተጻፉበት ገጽ ብቻ ይቀርባል። የሆቴል ማስታወቂያ ከበዛባችሁ ደግሞ የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ሳትለዩ «ሆቴል» የሚለውን ቃል አስከትሉ፤ ውጤቱ ወዲያው ይጠራል።

ከአርባ አራቱ አንዱ የሆነውን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተከተልኩ ልንገራችሁ፤ አካሄዱ ለሌላውም ይሠራል። በአማርኛ ያገኘሁት ጥቂት ነበር። ስለዚህ የውጭ ሰዎች ስሙን እንዴት እንደሚጽፉት አሰብኩና በላቲን ፊደል «አባ አንቶኒዮስ» ብዬ «ጎንደር» የሚለውን ጨመርኩበት። ፍለጋው ፓሪስ ወደሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ የሄደ፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራ የፈረንሳይ ተልእኮ ነበር፤ በ1932 ጎንደር ደረሰና ለወራት ቆየ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ በውጭ አቆጣጠር ናቸው)። የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ስለነበሩ ሊነሱ የሚችሉ ነበሩ። ተነሱም። ጋስቶን ልዊ ሩ የሚባል ሠዓሊ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ሠርቶ ሰቀለ፤ የጥንቶቹ ወደ ፓሪስ ሄዱ።

ይህን ያነበብኩበትን ምሽት አልረሳውም። ተናድጃለሁ፤ የአባቶቻችን እጅ የሠራውን ለማየት የሙዚየሙን የስብስብ መፈለጊያ ከፍቼ ሥዕል በሥዕል ሳልፍ ደግሞ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። የጎንደር ልጅ ሁሉ ቢያያቸው እወዳለሁ። የጎንደር ሰው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የመላእክቱን ትልልቅ ዓይኖች ቀና ብሎ እያየ ያደገ ስለሆነ፣ የጎንደርን የአሳሳል ጠባይ ከማንም በፊት ይለያል።

እዚህ ላይ ዋናው ዘዴ ይኸውላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ገጽ ቢያንስ አንድ አዲስ ስም ይዛችሁ ውጡ። ከሙዚየሙ ገጽ የግሪዮልን ስም ይዤ ስወጣ፣ የጉዞውን ውሎ በየዕለቱ ይመዘግብ የነበረውን ሚሼል ሌሪስን አገኘሁ፤ እርሱ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ስላዩአቸው ሰዎችና ሥርዓቶች ወደ ተጻፉ ሌሎች ብዙ ገጾች መራኝ። ዓመተ ምሕረትም እንደ ስም ያገለግላል፤ ግን የውጭ መዛግብት በራሳቸው አቆጣጠር ስለሚጽፉ በእኛው ዓመት ላይ ሰባት ወይም ስምንት መጨመር ያስፈልጋል። ገጹ በፈረንሳይኛ ከሆነ ክሮም ራሱ እንዲተረጉምላችሁ እዘዙት። ትርጉሙ የሰውና የቦታ ስም ስለሚያበላሽ ስሞቹን ግን ከዋናው ገጽ ቅዱ።

ጄምስ ብሩስንም በዚሁ መንገድ መከተል ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጎንደር የገባው በ1770 ነው፤ የጉዞ ታሪኩን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ቅጾቹ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የመጻሕፍት ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ። ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል የጻፈውን የአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ አላመኑትም ነበር። ከዚህ ይዞት የሄደው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ይህን ብቻ ይዞ መፈለግ የብዙ ቀን ንባብ ይከፍታል።

ቃል መጻፍ ሲሰለቻችሁ ካርታ ክፈቱ። ጉግል ካርታን ወደ ሳተላይት ምስል ለውጡና ደብረ ታቦርን ፈልጉ፤ ከዚያ ከከተማው ወጣ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ገጠሩ ተንሸራተቱ። ቡናማ የእርሻ መሬት መካከል ክብ ክብ የሆኑ አረንጓዴ ነጥቦች ታያላችሁ። አንዱን አቅርባችሁ ስታዩት መሐሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ። ዙሪያው የተጨፈጨፈው የአገር ዛፍ ተጠብቆ የቀረው በአጥቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። አለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ተመራማሪ እነዚህን የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተዋል፤ ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ የማጠር ሥራም ተሠርቶላቸዋል። የተመራማሪውን ስም ከ«የቤተ ክርስቲያን ደን» ጋር ብትፈልጉ የምድር ላይ ፎቶዎችንም ታገኛላችሁ። ሱቄ ለፎቶ ኮፒ የመጡ አንድ ቄስ ያገለገሉበትን አጥቢያ ከላይ ሆኖ ሳሳያቸው፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው መንገዱን፣ ምንጩን፣ የመቃብሩን ቦታ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ካርታው ላይ ከእነዚህ አንዱም አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ የምታዩትን ለታላላቆቻችሁ አሳዩ፤ ገጹ ያልያዘውን እነርሱ ይሞሉታል።

ከቤት ርቆ መዝናናትም ያምራል። ሬዲዮ ጋርደን የሚባለው ድረ ገጽ የምድርን ሉል ያሳያችሁና ነጥቦቹን ስትነኩ የየከተማውን ሬዲዮ በቀጥታ ያሰማችኋል። ዜኖ ካንቶ ላይ ከመላው ዓለም የተቀዳ የወፍ ድምፅ አለ፤ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ስትፈልጉ ማለዳ በከተማችን ላይ እየጮኹ የሚያልፉትን አእዋፍ ስም በድምፃቸው ልትደርሱበት ትችላላችሁ።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የካምብሪጅን የቡና ማፍያ ነው። በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ የነበሩ ሰዎች፣ ቡና ፍለጋ ወጥተው ባዶ ማፍያ እያገኙ ስለተቸገሩ፣ ካሜራ አቁመው የማፍያውን ምስል በየኮምፒውተራቸው ያዩ ጀመር። በ1993 ምስሉ ወደ ድር ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ከሩቅ አገር ያለ ሰው ሁሉ ማፍያው ሙሉ ይሁን ባዶ ይመለከት ነበር። ካሜራው የተዘጋው በ2001 ነው። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ጎረቤት ቢጠራሩ ኖሮ ካሜራም አያስፈልግ» አለችኝ። ልክ ናት፤ ቢሆንም ዛሬ የምናየው የድር ካሜራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ማፍያ ነውና ታሪኩን እወደዋለሁ።

ያገኛችሁትን ከማጋራታችሁ በፊት አጣሩ። ፎቶ ከሆነ በስልክ ላይ ምስሉን ተጭናችሁ ቆዩና በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ ከሚመጡት ገጾች መካከል ቀድሞ የወጣውን ክፈቱና ከሥሩ ምን እንደተጻፈ አንብቡ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕል ላሊበላ ተብሎ ሲዞር አይቻለሁ። አሁን ደግሞ በኮምፒውተር የተፈበረኩ የግንብ ምስሎች በዝተዋል። እነዚህን ለመለየት እኛ እንመቻለን፤ የፋሲል ግንብ በአራቱ ማዕዘን እንቁላል መሳይ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች አሉት፤ የተፈበረከው ምስል ማማ ይጨምራል ወይም ያሾላቸዋል። በምስሉ ላይ በሕይወት ያለ ተራ ሰው ፊት ካለ እኔ አላጋራም።

መጨረሻ ላይ መመዝገብ ነው፤ ይህን የምታክል ሥራ ብዙ ሰው ይተዋታል። የገጹን ማያ ብቻ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ አይበቃም። ደብተር ያዙና የነገሩን ስም፣ የሚገኝበትን ተቋም፣ ያያችሁበትን ቀንና የተቋሙን መለያ ቁጥር ጻፉ። ከሁሉም ቁጥሩ ይበልጣል። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች አብዛኞቹ የብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹም በዲጂታል ተነስተው በነፃ ይታዩ ነበር። በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒውተር ጥቃት ሲመታ ምስሎቹ ከድሩ ላይ ወረዱ። ቁጥሩን የጻፈ ሰው ግን ሌላ በር አለው። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ በ1877 ያሳተመው የእነዚህ የግእዝ ብራናዎች ዝርዝር በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ ይገኛል። በብራናው መለያ ላይ «ኦሪየንታል» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ግቡበት፤ ብራናው ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ምን ምን ጽሑፍ እንደያዘ፣ ሥዕል ካለውም ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ።