የባትሪ ድሪል ሲገዙ፦ ከቮልቱ በፊት ግድግዳውን ይዩ

ደብረ ብርሃን ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ የባትሪ ድሪል ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ቁጥር ቮልት ነው። 12 አለ፣ 20 አለ፣ ካርቶኑ ላይ 48፣ 88፣ አልፎም 128 የተጻፈበት አለ። ቁጥሩን ለጊዜው ይተዉትና የሚበሳው ነገር ምን እንደሆነ ይወስኑ፤ ሌላው ምርጫ ከዚያ ይከተላል።

ጭቃ ቤት ከሆነ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቦታ ማወቅ ነው። ጭቃው ፊሸር (ቪቴ የሚገባበትን ፕላስቲክ) አይዝም፣ የሚይዘው ውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ቋሚ ነው። ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ይፈልጉና በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ይሞክሩ። ጭቃ ብቻ ከሆነ አፈር እየረገፈ ፑንታው በቀላሉ ይሰምጣል፤ ቋሚውን ሲያገኝ ግን ገታ ይልና ሰጋቱራ ይዞ ይወጣል። ደረቅ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ 5 ሚሊሜትር ቪቴ ከመክተትዎ በፊት በ3 ሚሊሜትር ይብሱለት። ለዚህ ሥራ 12 ቮልት ይበቃል።

ብሎኬት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መዶሻውን (ሃመሩን) ከፍቶ በመብሳት ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምቱ ስስ ግድግዳውን ከኋላ በኩል ይገነጥለዋል፤ ቀዳዳው ይሰፋና ፊሸሩ አብሮ ይዞራል። መዶሻውን ዘግተው በግንብ ፑንታ በማዞር ብቻ ይብሱ። መዶሻ የሚያስፈልገው ፑንታው ኮንክሪት ላይ፣ ማለትም ቋሚ ምሰሶ ወይም ቢም ላይ ሲያርፍ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሃመር ያለው 18 ቮልት ድሪል ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ጥቂት ጥቂቱን ይሠራል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይዘልቅም።

የመንዝ ዓይነት የድንጋይ ቤት ሌላ ነገር ነው። ተራ ሃመር ድሪል ውስጥ ያለው መዶሻ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ የሚፈጥሩት ንቅናቄ ብቻ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲጫኑት የፑንታው ጫፍ ይቀላል፣ ሞተሩ ይሸታል፣ ቀዳዳው አይጨምርም። ድንጋይ የሚፈልገው በአየር ግፊት የሚመታ ፒስተን ያለውን፣ ኤስዲኤስ ፑንታ (ግንዱ ላይ ቦይ ያለው፣ ተገፍቶ የሚቆለፍ) የሚይዘውን ማሽን ነው። ለሁለት መደርደሪያ ብቻ ከሆነ መግዛቱ አያዋጣም፤ በመብራት የሚሠራውን መከራየት ይሻላል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ሲሚንቶ ከሆነ እሱን መብሳትም ያዋጣል፤ ጭቃ ከሆነ ግን አይሞክሩት።

በርና መስኮት ለሚሠራ ሰው ዋናው ሥራ ቱቦላሬና ላሜራ ነው። በ3 ወይም 4 ሚሊሜትር ይጀምሩ፣ ከዚያ ያስፉ። ከ8 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን ማርሹን 1 ላይ አድርገው ጥቂት ዘይት እየነኩ ይብሱ። (ማርሹ የሚቀየረው ድሪሉ ቆሞ ብቻ ነው፤ እየዞረ ከቀየሩት ጥርሱ ይበላል።) አደጋው ያለው ፑንታው ብረቱን ሊጨርስ ሲል ነው፤ ጠርዙ ይነክስና ድሪሉ ራሱ ይዞራል፣ የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል። እዚያ ሲደርሱ ግፊቱን ይቀንሱ። ከ60 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ) በላይ ጉልበት ያለው ድሪል የጎን እጀታ ከሌለው አይግዙ።

አሁን ወደ ቮልቱ። የሊቲየም ባትሪ አንድ ሴል 3.6 ቮልት ነው። ሦስት ሴል 10.8 ይሆናል፣ 12 ተብሎ ይሸጣል። አምስት ሴል 18 ይሆናል፤ ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.2 ስለሚደርስ 20 ወይም 21 ይባላል። ስለዚህ 18 እና 20 ቮልት አንድ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነት ቢጠየቁ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ። 88 የሚለውን ደግሞ ቴስተር ይዘው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ የሆነውን ባትሪ ይለኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 አካባቢ ያነባል። ቁጥሩ ለካርቶኑ ነው የተጻፈው።

ከቮልቱ ይልቅ አምፒር ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን የኤሌክትሪክ መጠን፣ በጥርጣሬ ይዩ። 18650 የሚባለው የተለመደው ሴል ቢበዛ 3.5 አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ከእነዚህ ሴሎች አምስት ብቻ ያለው ቀጭን ባትሪ «6 አምፒር ሰዓት» ካለ ውሸት ነው። በእጅ ማመዛዘንም ይረዳል፦ ባለ 2 አምፒር ሰዓት የ18 ቮልት ባትሪ 400 ግራም አካባቢ ሲሆን እውነተኛው 5 አምፒር ሰዓት ከ600 ግራም ይጠጋል።

ሱቁ ውስጥ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ረጅምና ቀጥ ያለ ፑንታ ያስገጥሙና በዝግታ እያዞሩ ጫፉን ይዩ፤ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ ፑንታ የሚይዘው አፍ ጠማማ ነው፣ ቀዳዳ ያሰፋል። መቀስቀሻውን ቀስ አድርገው ሲጫኑ ከዝግታ ወደ ፍጥነት በእኩል መጨመር፣ ሲለቁት ደግሞ ወዲያው መቆም አለበት። ከዚያ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ካርቦን ያለው ሞተር ነው። ካርቦን ያለው ለቤት አይከፋም፣ ካርቦኑም ሲያልቅ በብዙዎቹ ላይ ይቀየራል። «ብራሽለስ» (ካርቦን የሌለው) ተብሎ ተሽጦ ብልጭ የሚል ከሆነ ግን ይመልሱት።

ለቤት 12 ቮልት ወይም ትንሹ 18 ቮልት፣ ከ30 እስከ 50 ኒውተን ሜትር፣ 10 ሚሊሜትር አፍ፣ ሁለት ባለ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃል። በሙያ ለሚሠራ ብራሽለስ፣ 13 ሚሊሜትር የብረት አፍ፣ 60 እና ከዚያ በላይ ኒውተን ሜትር፣ ቢያንስ ሁለት ባለ 4 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራ የሚያስቆመው የሁለተኛ ባትሪ አለመኖር ነው፤ ገንዘብ ካነሰ ከድሪሉ ይቀንሱ እንጂ ከባትሪው አይቀንሱ። ባለሙያ ድሪል ሲገዛ የባትሪ ቤተሰብ እየመረጠ መሆኑንም ያስብ፦ የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሌላው ላይ አይገባም፣ የማኪታ 12 ቮልትም ማኪታ 18 ላይ አይገባም፣ የቦሽ ሰማያዊና አረንጓዴ 18 ቮልቶችም ባትሪ አይዋዋሱም። ነገ ፍሌክሲብል (የብረት መቁረጫ) ወይም ኢምፓክት (ቪቴ እየመታ የሚያስገባ) ሲጨምር በዚያው ባትሪ የሚሠራ እዚህ ገበያ ላይ መገኘቱን ቀድሞ ይጠይቅ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ድሪል ጥሩ ነው፣ ቻርጀሩን ግን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። «100–240» ካለ ምንም አይሆንም። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 በቅጽበት ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ወይም የ220 ቻርጀር ይፈልጉለት።

በመጨረሻ የአየሩ ነገር። ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ሊቲየም ይጋገርበታል፣ የጠፋው አቅም አይመለስም። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ መኪና ወይም መጋዘን ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ይሰካ። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ከሥራ የወጣ ባትሪ ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ለወራት የማይሠሩበትን ከድሪሉ ነቅለው ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገው ያስቀምጡት፤ ባዶ ሆኖ ከርሞ በጣም የወረደን ባትሪ ቻርጀሩ አይቀበለውም።