የመኪና ሻጭ ሲያጣድፍዎ

የመኪና ሽያጭ ሠራተኛ ገዢን የሚያጣድፈው ወዶ አይደለም። ብዙ ጊዜ ገቢው በኮሚሽን ነው፤ «አስቤበት ልመለስ» ብሎ የወጣ ሰው ደግሞ ላይመለስ እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ለራስዎ ደንብ ያውጡ፦ በመጀመሪያው ቀን አይፈርሙም፣ ቀብድም አይከፍሉም። የሚፈትንዎ ገንዘብ ይዘው አይሂዱ። የመጨረሻ ጣሪያዎን ታክሱን፣ የስም ማዛወሪያውንና ኢንሹራንሱን ደምረው ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ወንበር እንደያዙ የሚመጣው ጥያቄ «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ነው። አይመልሱለት። ወርኃዊ ክፍያ የመኪናው ዋጋ ሳይነካ የብድሩን ዘመን በመለጠጥም ይቀንሳል። የ1,000,000 ብር ብድር በዓመት 12 በመቶ ወለድ በ4 ዓመት ሲከፈል በወር 26,334 ገደማ ይደርሳል። በ6 ዓመት ሲሆን 19,550 ገደማ ይሆናል፤ ሻጩም «ይኸው ቀነስኩልዎ» ይላል። የወለዱ ድምር ግን ከ264,000 ወደ 407,600 ገደማ ዘሏል፤ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቤሳ አልተነካም። «መጀመሪያ በጠቅላላ ዋጋው እንስማማ» ይበሉ። አሮጌ መኪናዎን በልዋጭ የሚሰጡ ከሆነም ዋጋውን ለብቻ ይጨርሱ፤ ሁለቱ ሒሳቦች ከተቀላቀሉ በአንዱ የተሰጠዎት በሌላው ይወሰዳል።

ዋጋዎን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ከብዷቸው በራሳቸው ላይ ዋጋ የሚጨምሩ ገዢዎች ሞልተዋል።

«ሌላ ሰው ከሰዓት ሊወስደው ነው» ሲባሉ «ካልወሰደው ነገ እደውላለሁ» በቂ መልስ ነው። «አለቃዬን ላማክር» ብሎ ጠፍቶ ሲቆይ ደግሞ እየደከሙ ያሉት እርስዎ ነዎት። 10 ደቂቃ ካለፈ ስልክ ቁጥርዎን ትተውለት ይውጡ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የልዋጭ መኪናዎን ቁልፍ ወይም መታወቂያዎን ሻጮቹ ለግምትና ለሙከራ ብለው ከወሰዱብዎ፣ ወደ ድርድር ሳይገቡ መልሰው ይቀበሏቸው። ቁልፉ እነሱ ጋ ያለ ሰው ተነሥቶ መሄድ ያቅተዋል።

ጥድፊያ ዋጋ ከማስወደዱም በላይ ጉድለት ሳይታይ ያሳልፋል፤ በተለይ ያገለገለ መኪና ላይ። እንደደረሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ከሞቀ ሞተሩ ቀድሞ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ላይ አልነሣ የሚል ሞተር እንዲህ ይደበቃል። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ራስዎ ያስነሡት። «ጎማው አዲስ ነው» ከተባለ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያንብቡ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

ውሉ ሲመጣ የቀለም መከላከያ ቅብና ተጨማሪ ዋስትና ሳይጠይቋቸው ገብተው ሊሆን ይችላል። በቃል የተሰጠዎት ተስፋ ሁሉ፣ መለዋወጫ ጎማው ሳይቀር፣ ውሉ ላይ ይጻፍ። መስመሮቹን ስልክዎ ላይ ይደምሩ፤ ከተስማሙበት ከበለጠ እስክሪብቶውን አስቀምጠው የትኛው መስመር እንደጨመረ ይጠይቁ።