ልጆቹ ከተኙ በኋላ፦ ሁለታችሁን ሐይቅ ዳር ሳሉ

ከወለዳችሁ ወዲህ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ሄዳችሁ ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ ያላችሁበት ቀን ትዝ አይላችሁም? እንግዲያው ሳሉት። የሆነ ነገር መሆን የለበትም፣ ቢሆን ብላችሁ የምትመኙት ይበቃል። ሠዓሊ መሆንም አይጠበቅባችሁም።

መጀመሪያ ምኞታችሁን አስማሙ። ለየብቻ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጫር ጫር አድርጉና ተያዩ። እሱ ጀልባ ላይ ሆናችሁ ይስላል፤ እሷ ደግሞ ማንም ሳይቀሰቅሳት ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዷት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የእሷ ይሻላል፣ ጀልባ መሳል ጣጣው ብዙ ነው።

የዘይት ቀለም ልጅ ላለበት ቤት አይሆንም፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ ማቅጠኛውም ይሸታል። አክሪሊክ ግዙ። በውሃ ይቀጥናል፣ ሳሳ አድርጋችሁ ከቀባችሁት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ ካላችሁ ሌላ አያስፈልግም። ሸራ ከተወደደባችሁ አቡጀዲ እንጨት ላይ ወጥሩና ነጭ የግድግዳ ውሃ ቀለም ሁለቴ ቀቡት፣ ለመለማመጃ ምንም አይልም። ቀለሙን አሮጌ ሳህን ላይ አውጡት። መሃል ላይ ልጅ ካለቀሰ ውሃ ረጨት አድርጉበትና በፌስታል ሸፍናችሁ ሂዱ።

ፊት አትሳሉ። ከጀርባ ይሁን። ስልካችሁን ወንበር ላይ አስደግፉና በታይመር ከኋላ ተነሡ፤ ሳሎን ውስጥ በፒጃማም ቢሆን ግድ የለም፣ የምትፈልጉት የትከሻና የጭንቅላት አቀማመጥ ብቻ ነው። በመሃላችሁ ያለውን ክፍተት ልብ በሉ። ጭራሽ ከተጣበቃችሁ የሠርግ ፖስተር ይመስላል። የውሃው መስመር ደግሞ አንገታችሁ ላይ እንዳያልፍ፣ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ አድርጉት።

አሁን ሰማዩ። ሐይቁ ከሀዋሳ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችሁ ነው የምትጠልቀው። ከውሃው በላይ ቢጫ በነጭ ቀቡ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከላይ ሰማያዊ። ቢጫውን ከሰማያዊው ጋር በቀጥታ ካገናኛችሁት አረንጓዴ ሰማይ ነው የምታገኙት፣ ስለዚህ መሃሉን ሮዙን አታስቀሩት። እርጥብ እያለ በሰፊ ብሩሽ ወደ ጎን አዋህዱት። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፣ ገና ስትቀቡት ፈካ አድርጉት። ውሃው ያው ሰማይ ተገልብጦ ነው፣ ብቻ ጠቆር ይበልና የብሩሹ ጭረት አግድም ይሂድ። ከማዶ ያሉት ተራሮች ፈዛዛ ሰማያዊ ይበቃቸዋል።

እናንተን ለመቀባት ጥቁር ቀለም አትግዙ። ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅሉ፣ ሞቅ ያለ ጥቁር ይወጣዋል። ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ የትከሻውን ጠርዝ፣ የፀጉሩን ዳር፣ የነጠላዋን ጫፍ በብርቱካናማ ነካ ነካ አድርጉ። ሥዕሉ ነፍስ የሚዘራው ይሄኔ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ካማራችሁ አንድ ብቻ፣ እሱም ራቅ ብሎ፤ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ካቀረባችሁት በመሃላችሁ የገባ ሽማግሌ ይመስላል።

ልጆቹንስ? ከሥዕሉ ጨርሳችሁ አታጥፏቸው። እነሱ ከሌሉበት መንገድ ላይ ያለፉ ሁለት ፍቅረኛሞች ናቸው፣ እናንተ አይደላችሁም። መሳል አያስፈልግም፣ ምልክታቸው ይበቃል፦ ታጥፎ ሣር ላይ የተቀመጠ አንቀልባ፣ ወይ ከአባትየው ኮት ኪስ ብቅ ያለች አንዲት የልጅ ጫማ። ጫማዋን ቀይ አድርጓት፣ ዓይን እሷ ላይ እንዲያርፍ። የሥዕሉ ሚስጥር እሷ ናት፤ አያት ቤት ያደሩት ልጆች እንዳሉ የሚያውቀው እናንተን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ሥራውን ተካፈሉ፣ አንዱ ሰማዩን ሌላው ሰዎቹን ይያዝ። አንዱ የቀባውን ሌላው ሳይጠይቅ አያስተካክል፣ በዚህ የሚነሣው ጭቅጭቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከመተኛታችሁ በፊት ብሩሾቹን በሳሙና እጠቡ፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀባቸው ፕላስቲክ ይሆንና ወደ ቆሻሻ ነው። ሥዕሉን ደግሞ ቁም ሳጥን ላይ አሳድሩት፣ ጠዋት ቀድመው የሚነሡት እነሱ ናቸው።