ፈረንሳይን አይቶ የራስን ክፍል ማስተካከል

የኤፍል ማማ የታተመበት ትራስ ገዝቶ መመለስ ሳሎን አይለውጥም። የፈረንሳይ ቤቶችን የሚያሳምራቸው የክፍሉ ልክ፣ የብርሃኑ አገባብና የቀለሙ አደራደር ነው፤ ይህን ደግሞ ማየትና መመዝገብ ይቻላል። የወደዳችሁት ክፍል ውስጥ ስትገቡ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ፣ በስንት ሰዓት እንዳያችሁትና ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ጻፉ። ሙዚየም ውስጥ ሜትር መዘርጋት ስለማይቻል ቁመታችሁን መለኪያ አድርጉት፤ ግድግዳው ላይ በአግድም የተለጠፈው የእንጨት ጠርዝ ወገባችሁ ላይ ነው ወይስ ደረታችሁ ላይ?

ከሁሉ በፊት አንድ አካባቢ ምረጡ። የፓሪስ ፈዘዝ ያለ ግድግዳ የተሠራው ለረጃጅም መስኮትና ለደመናማ ብርሃን ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ያለው የፕሮቫንስ ኖራ ቅብ ግን ወፍራም ግድግዳና ኃይለኛ ፀሐይ ላለበት ቤት የተስማማ ነው። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስትደባልቋቸው አንዱ ሌላውን ያደበዝዘዋል።

ለቀለም ትምህርት ዢቬርኒ መንደር ካለው ቤት የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1883 እስከ 1926 የኖረበት ይህ ቤት በኖርማንዲ የሚገኝ ሲሆን ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። የምግብ ክፍሉ በሁለት ዓይነት ቢጫ ተቀብቷል፤ ቁም ሣጥኑና ወንበሩ ሳይቀር ቢጫ ነው። በሩ ሲከፈት ደግሞ ቀጥሎ ያለው ማድ ቤት የሩዋን ከተማ ሰማያዊ ሸክላ ንጣፍ ለብሶ ይታያል። በር ላይ ቆማችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ተመልከቱ፤ ቢጫው የደመቀው ሰማያዊው ከጎኑ ስላለ ነው። ዕቃውም እንደ ግድግዳው ስለተቀባ ክፍሉ አልተጨናነቀም። በዚያ ቢጫ መካከል ጥቁር ቡናማ ቡፌ ቢቆም ኖሮ ዓይን የሚያየው ቡፌውን ብቻ ነበር።

ይህን ወደ ቤታችሁ ስታመጡት ከሳሎኑ በር ላይ ቆማችሁ የሚታየውን ቀጣይ ክፍል መነሻ አድርጉ። ሁለቱን ቀለሞች 50 በ70 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ላይ ቀብታችሁ በየክፍላቸው አቁሙና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል እዩአቸው። በትንሽ ናሙና ብቻ የተመረጠ ቀለም ግድግዳውን ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ካሰባችሁት በላይ ይጠነክራል፤ ግድግዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ቀለም ያንጸባርቃሉና።

ፓሪስ ውስጥ ማሬ ሰፈር ያለው ካርናቫሌ ሙዚየም ከየዘመኑ ቤቶች ተነቅለው የመጡ ሙሉ ክፍሎች አሉት፤ ቋሚ ስብስቡን በነጻ ማየት ይቻላል። እዚያ የምታጠኑት የግድግዳውን ክፈፍ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የእንጨት ጠርዝ የሚሠራውን አራት ማዕዘን ነው። ቁመቱ 2.70 ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ አግዳሚው ጠርዝ ከወለሉ 80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ያምራል። በክፈፎቹ መካከል 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ የመረጣችሁትን ልክ በሁሉም ቦታ ጠብቁ። የክፈፎቹን ንድፍ ከግድግዳው መሃል ጀምራችሁ ወደ ጎን ሂዱ፤ ከማዕዘን ከጀመራችሁ መጨረሻ ላይ የተረፈች ጠባብ ክፈፍ ትመጣለች። ማብሪያና ሶኬቱን አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው፣ አለዚያ እንጨቱ በላያቸው ያልፋል። ጠርዙን በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ በማጣበቂያና በቀጭን ሚስማር ያዙት፤ ክፍተቱን በስቱኮ ድፈኑና ጠርዙንም ግድግዳውንም በአንድ ቀለም ቀቡ። ጠርዙን ነጭ፣ ግድግዳውን ሌላ ማድረግ ዝቅተኛ ክፍልን ይቆራርጠዋል። የሚበዛው ስህተት ግን ለከፍተኛ ኮርኒስ የተሠራውን ወፍራም ጠርዝ ዝቅተኛ ቤት ውስጥ መለጠፍ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል።

መስተዋትን በተመለከተ፣ በፓሪስ ቤቶች ከእምነበረድ ምድጃው በላይ የሚቆመው ብርሃን እንዲያባዛ ነው። ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ሰው ይያዝላችሁና ምን እንደሚያሳይ እዩ።

ፕሮቫንስን ለመረጠ ሰው ሩሲዮን የምትባለው መንደር ትበቃለች። ቤቶቿ የተቀቡት ከዚያው አካባቢ በሚወጣ ኦከር በሚባል ቀለማም አፈር ነው። ቢጫው አፈር ሲቃጠል ቀይ ይሆናል፤ የመንደሩ ቀይና ቢጫ እርስ በርስ የማይጣሉትም ከአንድ አፈር ስለወጡ ነው። ቅቡን ለማዘጋጀት አንድ እጅ ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ በሁለት ወይም በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡ። የኦከሩ ክብደት ከኖራው ሩብ አይለፍ፤ ከበዛ ኖራው አይዘውም፣ ልብስ ሲነካው ይለቃል። ዱቄቱን ከአንድ ቀን በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ግድግዳውን አርጥባችሁ በሰፊ ብሩሽ በስሱ፣ በተሻገረ አቅጣጫ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ። በፕላስቲክ ቀለም ላይ ግን አይያዝም፤ መጀመሪያ ያ መፋቅ አለበት። እርጥቡ ቅብ ሲደርቅ በጣም ስለሚነጣ፣ ሙከራው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትወስኑ። ለአንድ ግድግዳ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ባልዲ በጥብጡ፤ ሁለተኛው ባልዲ ያንኑ ቀለም አይሰጥም። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት አይቅር።

ዕቃ መግዛት ከፈለጋችሁ በፓሪስ ጫፍ ያለው የሴንት ዋን አሮጌ ዕቃ ገበያ ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ይሠራል። የበራችሁንና የግድግዳችሁን ልክ ጽፋችሁ ሂዱ። እንጨቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ከሥሩም ትኩስ ነጣ ያለ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ተዉት።

የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቱ ኦበርካምፍ በ1760 ፓሪስ አጠገብ ባለችው ዡዊ-አን-ዦዛስ ላይ ማተም የጀመረው ባለ ሥዕል ጨርቅ ለመጋረጃ ያምራል፤ አገዛዙ ግን ስሌት ይፈልጋል። ሥዕሉ በየ90 ሴንቲ ሜትሩ የሚደገም ከሆነና መጋረጃው ከነቅምቅማቱ 2.50 ሜትር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክንፍ 2.70 ሜትር ቁረጡ። ልክ 2.50 ሜትር እየቆረጡ ከሄዱ የሁለቱ ክንፎች ሥዕል ጎን ለጎን አይገጥምም።