ከባሕሩ በእግር የሚደረስ ቤት፦ ፑዌርቶ ሞሬሎስ ላይ እንዴት ይገዛል?

ከካንኩን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው በ307 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲጓዙ ወደ ግራ የሚታጠፍ መንገድ ያገኛሉ። መንገዱ ማንግሮቭ የተባለውን የረግረግ ደን ሰንጥቆ ያልፍና ባሕሩ ዳር ካለ አደባባይ ያደርስዎታል። እዚያ አንድ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ ዘምሞ ቆሟል። በ1967 በፈረንጆች አቆጣጠር ቤውላ የተባለው አውሎ ነፋስ ነው ያዘመመው። የከተማው ሰው አላፈረሰውም፤ አዲሱን ሠርቶ አሮጌውን እንደዘመመ ተወው። በሜክሲኮዋ የኪንታና ሮ ግዛት የምትገኘው ፑዌርቶ ሞሬሎስ ይህች ናት።

ከተማዋን የምወዳት መኪና ሳይኖር የሚኖርባት ስለሆነች ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ፣ ባሕር ሁሉም በእግር ይደረሳል። ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ መምረጥ ያለበት መንገዱን ነው፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ግድግዳ ይቀባል፣ ወጥ ቤት ይታደሳል። በበርዎና በባሕሩ መካከል ያለውን መንገድ ግን ገንዘብ አያሳጥረውም።

1. በክፉው ወቅት ይከራዩ

አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነው (ወሮቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ይውሰዷቸው)። አየሩ ደረቅ፣ ባሕሩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው። በዚያ ወቅት ያየነውን ቤት ሁሉ መግዛት ያምረናል። እርስዎ ግን ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ አንድ ወር ይከራዩ። ሙቀቱ፣ ዝናቡና የወባ ትንኙ ያኔ ይታወቃሉ። ሳርጋሶ የተባለው ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻው ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከ2011 ጀምሮ በአትላንቲክ ላይ በብዛት እየበቀለ ወደ ካሪቢያን ይነዳል፤ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ከአረሙ የሚወጣው ጋዝ መዳብን ያጠቁራል፣ የአየር ማቀዝቀዣና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያበላሻል።

የመንገዱን ፈተና እንዲህ ያድርጉ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ፌስታል ይያዙ፤ በአንዱ ሐብሐብ፣ በሌላው የመጠጥ ውሃ ይኑር። ከሱቁ እስከሚያዩት ቤት በር ድረስ ይራመዱ። ጥላ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ የእግረኛ መንገዱ የት ተቋርጦ ከመኪና ጋር እንደሚያጋፋዎ ልብ ይበሉ። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይድገሙት፤ መንገዱ መብራት አለው? ከምግብ ቤቶቹ የሚወጣው ሙዚቃ መኝታ ቤቱ ድረስ ይሰማል? ለሦስተኛ ጊዜ ደግሞ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሂዱ። በአጥሮች ላይ ውሃ የደረሰበት ቡናማ መስመር ይታያል። ያ መስመር ከደላላው በላይ እውነቱን ይነግርዎታል። ብዙ ገዢ ከፊት ያለውን ባሕር ይፈራል፣ ከጀርባ ያለውን ረግረግ ይረሳል። ከተማዋ ግን በሁለቱ መካከል ያለች ቀጭን መሬት ናት፤ ውሃው ከኋላም ይመጣል።

ማስታወቂያ ላይ «ፑዌርቶ ሞሬሎስ» ሲባል የትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቁ። ከአውራ ጎዳናው በስተምዕራብ ኮሎኒያ የሚባለው ሰፈር አለ፤ አብዛኛው ሠራተኛ የሚኖረው እዚያ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። መልካም ሰፈር ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወደ ባሕሩ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በረግረጉ መካከል መሄድ ያስፈልጋል። በብስክሌት ይቻላል፤ በየቀኑ በእግር ግን ይከብዳል። ሴኖቴ ወደሚባሉት የተፈጥሮ የውሃ ጉድጓዶች በሚወስደው መንገድ፣ ጫካ ውስጥ የሚሸጠው ቦታማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

የእኔ ምርጫ ከባሕሩ ሁለት ወይም ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ የገባ ቤት ነው። ጨው ይቀንሳል፣ ሽታ ይቀንሳል፣ ዋጋ ይቀንሳል፤ ባሕሩ ግን አሁንም አምስት ደቂቃ ነው።

2. በማን ስም እንደሚያዝ ይረዱ

በ1917ቱ የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሠረት የውጭ ዜጋ ከባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሬት በቀጥታ በስሙ ሊይዝ አይችልም። መላዋ ፑዌርቶ ሞሬሎስ በዚህ ክልል ውስጥ ናት። መፍትሔው ፊዴይኮሚሶ የሚባለው የአደራ ውል ነው። አንድ የሜክሲኮ ባንክ ንብረቱን በአደራ ይይዛል፤ ተጠቃሚው እርስዎ ነዎት። መኖር፣ ማከራየት፣ ማደስ፣ መሸጥ፣ ማውረስ ይችላሉ። ባንኩ ፈቃዱን የሚያገኘው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የ1993ቱ የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ የአደራውን ዘመን እስከ 50 ዓመት አድርጎታል፤ ይታደሳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን 50 ዓመት ሲባል ወዲያው ሊዝ ይታወሰናል። ይህ ግን ሊዝ አይደለም። መሬቱ ተከራይተው የሚመልሱት አይደለም፤ ባንኩም ንብረቱን እንደራሱ ሀብት አይቆጥረውም። ለአደራው በየዓመቱ ክፍያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር ይጀምራል።

«በአንድ ሜክሲኮአዊ ወዳጅ ስም እናድርገው» የሚል ምክር ከመጣልዎ እምቢ ይበሉ። ያ ሰው ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ በእጅዎ የሚቀር ሰነድ የለም።

3. ወረቀቱን እንደ መንገዱ በእግርዎ ይሂዱበት

ሜክሲኮ ውስጥ ደላሎችን የሚያስተዳድር አንድ ወጥ ብሔራዊ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ከሻጩም ከደላላውም ጋር ያልተያያዘ የራስዎ ጠበቃ ይያዙ። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ኤስክሪቱራ ነው፤ በኖታሪዮ (ውል በሚያጸድቅ፣ በመንግሥት በተሾመ የሕግ ባለሙያ) ፊት የተፈረመና በንብረት መዝገብ ቤት የተመዘገበ የባለቤትነት ሰነድ። ከዚያ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጠው የመዝገብ ቤት የምስክር ወረቀት ይመጣል። ቀኑን ይመልከቱ፤ የከረመ ወረቀት ዋጋ የለውም። የማዘጋጃ ቤቱ የንብረት ግብር፣ የውሃና የመብራት ደረሰኞችም ይቅረቡ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው በኤሂዶ መሬት ነው። ኤሂዶ ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ ለገበሬ ማኅበረሰቦች የተሰጠ የወል መሬት ነው። ከ1992ቱ ማሻሻያ ወዲህ በሕጋዊ ሂደት ወደ ግል ይዞታ ሊዛወር ይችላል፤ እስኪዛወር ድረስ ግን የውጭ ዜጋ ሊገዛው አይችልም፣ ባንክም በአደራ አይቀበለውም። ሻጩ የሚያሳየው ኤስክሪቱራ ሳይሆን «የመብት ማስተላለፊያ» የሚል ወረቀት ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶ፣ መብራት ገብቶ፣ ጎረቤት ቡና እያፈላ ቢያዩትም እንኳ ይተዉት።

ባሕሩ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ሌላ ጥያቄ አለ። ከከፍተኛው የውሃ መስመር ወደ የብስ 20 ሜትር የፌዴራል መንግሥት ዞን ነው። ማንም አይገዛውም፤ ለመጠቀም የኮንሴሲዮን ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የተሠራ በረንዳ ወይም መዋኛ ገንዳ ካለ ፈቃዱን ይጠይቁ። ከጀርባ ረግረግ የሚያዋስን ቦታ ከሆነ ደግሞ ማንግሮቭን መቁረጥም መሙላትም በሕግ የተከለከለ መሆኑን ይወቁ፤ «ቆይቶ ይስፋፋል» የሚባለው ግቢ ላይሰፋ ይችላል።

የጋራ ሕንፃ ከሆነ የነዋሪዎቹን የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የመዋጮ ሂሳብ ያንብቡ። የጣሪያ ማደሻ መጠባበቂያ የሌለው ሕንፃ ዕዳው ለእርስዎ ይተርፋል። ገና ያልተሠራ ሕንፃ ሲሸጥልዎ ደግሞ የግንባታና የአካባቢ ጥበቃ ፈቃዱን ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።

4. ቤቱን በጨው ዓይን ይመርምሩ

የአካባቢው መሐንዲስ ይቅጠሩ። በእነዚህ ቤቶች ላይ ትልቁ ጠላት በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ መዛጉ ነው። ፌሮው ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ጣሪያው ሥር ቀጥ ያለ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ የሚወርድ ቡናማ ዕንባ ካዩ በአዲስ ቀለም አይታለሉ። በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከኮንክሪቱ ተላቋል። ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ወጥተው ውሃ የሚያቁርበትን ቦታ፣ የውሃ መከላከያ ቅቡ የተላጠበትን፣ ሮቶውንና ማሰሪያውን ይመልከቱ።

ፍሳሹ የት እንደሚሄድም ይጠይቁ። የዩካታን ምድር ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከላይ የሚፈስ ወንዝ የለውም ማለት ይቻላል። ወደ ጉድጓድ የገባው ሁሉ ከመሬት ሥር ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ባሕሩ ውስጥ ደግሞ በ1998 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የኮራል ሪፍ፣ ማለት ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የባሕር ውስጥ አጥር አለ። ማዕበሉን ከቤትዎ በፊት የሚሰብረው እሱ ነው። የግዛቲቱ መንግሥት መድን ገብቶለት ነበር፤ በጥቅምት 2020 ዴልታ የተባለው አውሎ ነፋስ ፑዌርቶ ሞሬሎስ አጠገብ የብስ ሲረግጥ መድኑ ለሪፉ መጠገኛ ከ800,000 ዶላር በላይ ከፍሏል። ለባሕሩ ስል ብቻ ሳይሆን ለቤትዎ ስል ጭምር እላለሁ፦ ፍሳሹ በደንብ የተሠራ ቤት ይግዙ።

5. ገንዘቡና ፊርማው

አብዛኛው የውጭ ገዢ ያለ ብድር፣ ሙሉውን ከፍሎ ነው የሚገዛው፤ የአገሪቱ ባንክ ብድር ለውጭ ሰው ውድና አስቸጋሪ ነው። ቀብዱ ወደ ሻጩ የግል ሂሳብ አይግባ፤ በሦስተኛ ወገን በአደራ ይያዝ። ከቤቱ ዋጋ በላይ ለዝውውር ግብር፣ ለኖታሪዮ፣ ለባንኩና ለምዝገባ በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 በመቶ ይዘጋጁ።

ኖታሪዮው አሜሪካ ውስጥ ውክልና ሲሰጡ ማኅተም የሚመታልዎት ዓይነት ሰው አይደለም። በግዛቲቱ ገዥ የተሾመ የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሰነዱን ያጣራል፣ ግብሩን ይሰበስባል፣ ስለ ውሉ በሕግ ይጠየቃል። በፊርማው ቀን ኤስክሪቱራውን ያስረዳዎታል፤ ስፓኒሽ የማይችሉ ከሆነ አስተርጓሚ ይቀመጣል። አይቸኩሉ። በተለይ ስምዎን ያንብቡ። ሜክሲኮአውያን የአባትና የእናት ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ቅጹም ሁለቱን ይጠይቃል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ጸሐፊው የአያትዎን ስም በእናት ቦታ አስገብቶት ሊያገኙት ይችላሉ። ሰነዱ ፓስፖርትዎን ፊደል በፊደል መምሰል አለበት። ባልና ሚስት የሚጋሩት ስም ስለሌለን ሁለቱም ተጠቃሚ ሆነው በየስማቸው ይጻፉ።

ሻጩ «ግብር እንዲቀንስ በሰነዱ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንጻፍ» ሊል ይችላል። ልማዱ ለእኛም አዲስ አይደለም። በዋናነት የሚጠቀመው ግን እሱ ነው። እርስዎ ነገ ሲሸጡ ትርፍዎ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ተነስቶ ይሰላል። ስሌቱም በፔሶ ነው፤ ፔሶ በመሃል ከረከሰ በዶላር ምንም ሳያተርፉ በወረቀት ላይ ትርፍ ሊታይብዎ ይችላል። ስለዚህ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ የእድሳት ሕጋዊ ደረሰኝም ሁሉ ይቀመጥ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው አሜሪካ በግሪን ካርድ የሚኖሩ ከሆነ ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግዎትም። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤትም በ2013 ባወጣው ውሳኔ ይህን መሰሉን ተራ የአደራ ውል ለአሜሪካ ግብር ሲባል እንደ ትረስት (ለብቻው እንደሚቆም የአደራ ተቋም) እንደማይቆጥረው ገልጿል፤ ቤቱን ካከራዩ ግን ገቢውን ማሳወቅ ግዴታዎ ነው። መምጣት ካልቻሉ በሜክሲኮ ቆንስላ ውክልና መስጠት ይቻላል።

6. ከቁልፉ በኋላ

የተመዘገበው ኤስክሪቱራ ከመዝገብ ቤት እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስኪደርስዎ ድረስ ኖታሪዮውን ይከታተሉ። በአደራ ውሉ ውስጥ ወራሾችዎን በስም ያስጽፉ፤ ያኔ ልጆችዎ ውርሱን የሚጨርሱት ሜክሲኮ ፍርድ ቤት ሳይመላለሱ ነው።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ነው። በ2005 ዊልማ አካባቢው ላይ ከአንድ ቀን በላይ ሲያንዣብብ ብዙ ቤት የተጎዳው በተሰበረ መስኮት በገባ ነፋስና ውሃ ነበር። የመስኮት መከላከያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይገጠም፤ ቁልፉም እርስዎ በሌሉበት መጥቶ የሚዘጋልዎ፣ በእግሩ የሚደርስ ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ።